ጌሙን ማን ሠራው?

ባለፈው ክረምት ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ከሚኖረው ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ሰንብቼ ተመለስኩ። የውቅያኖሱን ዳርቻ አይቻለሁ፣ የሳን ፍራንሲስኮን ድልድይ ተሻግሬያለሁ፣ በአበሻ ሱቅ እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥም ታዝቤያለሁ። ሰው «ምን አየህ?» ሲለኝ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ትዝ የሚለኝ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ፊት ቆሜ ያሳለፍኩት ግማሽ ሰዓት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ማሙሽ እያልኩ የምጠራው የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም እንግሊዝኛ እሰማለሁ፣ አፌ ግን አይታዘዝልኝም። ስለዚህ የሁለታችን ጨዋታ «በላህ?» «በላሁ አባባ»፣ «ተኛህ?» «ተኛሁ አባባ» ከማለት አያልፍም ነበር። የቀረውን ጊዜ እሱ ጆሮውን ደፍኖ፣ ጆይስቲኩን ጨብጦ ከጌሙ ጋር ነው። «ኧረ ተው ማሙሽ፣ ዓይንህ ይጠፋል» እለዋለሁ። «ኦኬ አባባ» ይልና ይቀጥላል።

ጌም የሚባል ነገር ከድሮም አልወድም። ምክንያትም አለኝ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ሰፈራችን ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ተከፈተ። የሰፈር ልጅ ሁሉ እዚያ ዋለ። አንድ ቀን ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ባለ ቀይ እጀታ ካቻቢቴዬ ጠፋች። በዚያው ቀን ጎረቤት መጥቶ «ልጅህ ጌም ቤት ነው» አለኝ። ሄድኩ፤ በጓደኞቹ ፊት ጆሮውን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ቤት ስንደርስ ቀበቶዬን ፈታሁ። «ካቻቢቴዬን ሸጠህ ተጫወትክበት» አልኩት። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሲያልፍ ነገሩን እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት።

እናም ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። ጠዋት ቡና ተጠጥቶ እንዳበቃ ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ አንተንም ማሙሽንም የሚያስደስት ቦታ እወስዳችኋለሁ» አለ። ምራቴም ተዘጋጀች፤ አራታችንም መኪና ውስጥ ገባን።

የሄድንበት መንገድ ኤል ካሚኖ ሪያል ይባላል፤ በስፓኝ ቋንቋ የንጉሥ መንገድ ማለት ነው። ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ጎማ ቤት፣ ደግሞ ሱቅ ነው። ሳንታ ክላራ የት እንዳበቃና ሰኒቬል የት እንደጀመረ ለእንግዳ አይታወቅም። የዓለም ኮምፒዩተር ከዚህ ይፈልቃል ሲባል ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን በአብዛኛው ዝቅ ዝቅ ያለ ቤትና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሰኒቬል ውስጥ ልጄ መኪናውን አቆመና «እዚህ ነው የተጀመረው» አለኝ። አየሁ፤ ቀልደኞች መድረክ ላይ ወጥተው ሰው የሚያስቁበት ቤት ነው። «ድሮ መጠጥ ቤት ነበር። አንዲ ካፕስ ይባል ነበር» አለና ታሪኩን ያወራኝ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች አምፔክስ የተባለውን የቴፕ መቅረጫ ድርጅት ትተው የራሳቸውን ሥራ ጀምረዋል። ቡሽኔል በተማሪነቱ ዩታ ውስጥ በአንድ የመዝናኛ ፓርክ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ሳንቲም ከሰው ኪስ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። ከዓመት በፊት ሁለቱ የሠሩት ኮምፒዩተር ስፔስ የሚባል ጌም በሌላ ድርጅት በኩል ለገበያ ወጥቶ ነበር። ቢራ ይዞ ለቆመ ሰው ግን አጨዋወቱ ከበደ፤ እንደታሰበው አልሄደም። ያን የመጀመሪያ ጌም ሲሞክሩ የልጅ መኝታ ክፍል ባዶ ተደርጎ የሥራ ቦታ ሆኖ ነበር ይባላል። የማንኛቸው ልጅ ክፍል እንደነበር ግን ሁለቱ አባቶች አልተስማሙም፤ ቡሽኔል «የእኔ ልጅ» ይላል፣ በ2018 ያረፈው ዳብኒም «የእኔ ልጅ» እንዳለ ነው የሞተው። ከክፍሏ የወጣች አንዲት ትንሽ ልጅ እንደነበረች ብቻ ይስማማሉ።

እያንዳንዳቸው 250 ዶላር አዋጥተው አታሪ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። አል አልኮርን የሚባል ወጣት መሐንዲስም ቀጠሩ። ቡሽኔል ለአልኮርን አንድ ሥራ ሰጠው፤ አንድ ኳስ፣ ሁለት መምቻ፣ ነጥብ የሚቆጥር ነገር፤ ይኸው ነው። «ጄኔራል ኤሌክትሪክ ያዘዘን ሥራ ነው» አለው። ውሸቱን ነበር። ማንም አላዘዘም፤ ልጁ እጁን እንዲያፍታታበት ብሎ የሰጠው መለማመጃ ነው። አልኮርን ግን እውነት መስሎት ተጨንቆ ሠራው። ስሙ ፖንግ ተባለ።

ሣጥኑን አምጥተው እዚህ መጠጥ ቤት አስቀመጡት። ሰው ሳንቲም እየከተተ መጫወት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የመጠጥ ቤቱ ሰው ደውሎ «ዕቃችሁ ተበላሽቷል፣ ኑና ሥሩት» አላቸው። አልኮርን መሣሪያውን ይዞ መጣ። ሲከፍተው የተቃጠለም የተበጠሰም ነገር የለም። የሳንቲም መያዣው ጢም ብሎ ሞልቶ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባው ሳንቲም መሄጃ አጥቶ ነው።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ጠጋኝ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ደንበኛ «ተበላሽቷል» ብሎ ያመጣው ሬዲዮ ባትሪው ተገልብጦ የገባ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ያለው ስሜት ነው። ማሙሽም ከኋላ ወንበር ሆኖ አብሮኝ ሳቀ። በአንድ ነገር አንድ ላይ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር ማለት ይቻላል።

ከሰኒቬል ማውንቴን ቪው ቅርብ ነው። የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም እዚያ ይገኛል። ትልቅ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ መቁጠሪያ ጀምሮ ቁም ሣጥን እስከሚያክል ኮምፒዩተር ድረስ ተሰልፏል። ሁሉን ለማየት ጉልበት ይጠይቃል። እኛ በቀጥታ ወደ ጌሙ ክፍል ሄድን። እዚያ ነው ሣጥኑን ያገኘሁት፤ ያ መጠጥ ቤት ውስጥ ሳንቲም የሞላበት፣ አልኮርን በእጁ የሠራው የመጀመሪያው ፖንግ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዓመት ያየሁትን ዓይነት ዕቃ ነው ያየሁት። የእንጨት ሣጥን፣ ፊቱ ላይ ሁለት ማዞሪያ፣ መሐሉ ላይ የቴሌቪዥን መስተዋት። ቴሌቪዥኑ ከሱቅ በ75 ዶላር የተገዛ ተራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው። ልጄ «አባዬ፣ ውስጡ ኮምፒዩተር የለም። ፕሮግራም የሚባልም የለም። ሽቦና ሰርኪዩት ብቻ ነው» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ጆሮዬ ቆመ። ነገሩ ገባኝና ለማሙሽ እኔው ማስረዳት ጀመርኩ፤ ልጄ ሲቸግረኝ እያገዘኝ። በዱሮው ቴሌቪዥን ከመስተዋቱ ጀርባ የኤሌክትሮን ጨረር አለ። ጨረሩ ገበሬ እርሻውን እንደሚያርስ መስመር በመስመር እየሄደ ከላይ እስከ ታች መስተዋቱን ያዳርሰዋል። የቱ ጋ እንዲበራ፣ የቱ ጋ እንዲጠፋ የሚነግረው ምልክት ከጣቢያው በአንቴና ይመጣል። አልኮርን ያደረገው ምልክቱን ከጣቢያ መጠበቅ ትቶ ከራሱ ሰርኪዩት መስጠት ነው። «እዚህ ጋ ብራ» ሲለው ኳስ ሆነ፤ «እዚያ ጋ ብራ» ሲለው መምቻ ሆነ። ማሙሽ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «አባባ፣ ይኼን እንዴት አወቅህ?» አለኝ፤ በአማርኛ።

ድምፁም እንዲሁ ነው። አለቆቹ ኳስ ሲያልፍ የሕዝብ ጭብጨባና ጩኸት እንዲሰማ ፈልገው ነበር። አልኮርን ለዚያ የሚሆን ዕቃም ቦታም አልነበረውም። ስለዚህ ከሰርኪዩቱ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለውን ድምፅ እየነካካ ፈለገና የሚስማማውን ወሰደ። ያቺ «ፖክ፣ ፖክ» የምትል ድምፅ እንደዚህ ነው የተገኘችው። ሌላም ጉድለት ነበረው፤ መምቻዎቹ እስከ መስተዋቱ ጫፍ አይደርሱም ነበር። አልኮርን ሊያስተካክለው ይችል ነበር፤ ተወው። ሁለት ጎበዞች ሲገናኙ ጨዋታው ማለቂያ እንዳያጣ ያቺ ጉድለት ጠቀመች።

«ሰውየው ይኼን ከየት ተማረው?» ብዬ ልጄን ጠየቅኩት። ፈገግ አለ። «በወጣትነቱ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር አባዬ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልጄም አጠገቤ ተቀምጦ ስለሌሎቹ ይነግረኝ ጀመር። ራልፍ ቤር የሚባል ሰው አለ፤ በ1922 ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ። በ1938 ቤተሰቡ ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ ገባ። ወጣቱ ቤር ፋብሪካ ውስጥ በትንሽ ደመወዝ እየሠራ የሬዲዮ ጥገና ትምህርት በደብዳቤ ተማረ፤ ከዚያም ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ ኖረ። በ1966፣ ቴሌቪዥን ከማየት ሌላ ለምን አይጠቅምም ብሎ አሰበና በቤት ቴሌቪዥን የሚጫወቱበትን ዕቃ መሥራት ጀመረ። በ1972 ማግናቮክስ ኦዲሲ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። በውስጡ የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ ነበረበት። ቡሽኔል ያን ጨዋታ አይቶ ነው አልኮርንን ፖንግን ያሠራው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1976 አታሪ ገንዘብ ለመክፈል ተስማምቶ በስምምነት አለቀ። እንግዲህ ስደተኛው ሬዲዮ ጠጋኝና ቴሌቪዥን ጠጋኙ መሐንዲስ ናቸው የዓለምን ልጅ ሁሉ መስተዋት ፊት ያስቀመጡት።

ይህን ጊዜ ማሙሽ ጣልቃ ገባ። «አባባ፣ ጄሪ ላውሰንን ታውቃለህ?» አላውቅም አልኩት። ትምህርት ቤት ስለ እሱ ጽፎ አቅርቧል። አሁን እሱ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆንን። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ አባቱ አሟላለት።

ጄሪ ላውሰን በ1940 ብሩክሊን የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እናቱ ልጇ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገባ ብዙ የደከመች፣ የወላጆች ማኅበር ሊቀመንበር እስከመሆን የደረሰች ሴት ናት። አንዲት መምህርት ደግሞ የታላቁን ጥቁር ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ሥዕል አሳይታ አንተም እንዲህ መሆን ትችላለህ ብላዋለች። ልጁ ጎረምሳ ሲሆን የሰው ቴሌቪዥን እየጠገነ ገንዘብ ያገኝ ነበር። እሱም ጠጋኝ! ኋላ ወደዚህ ሸለቆ መጥቶ ፌርቻይልድ በሚባል ኩባንያ መሐንዲስ ሆነ። በቤቱ ጋራዥ ውስጥ በትርፍ ሰዓቱ ዲሞሊሽን ደርቢ የሚባል የሳንቲም ጌም ሠራ፤ መኪና ከመኪና የሚጋጭበት ነው። በ1976 ደግሞ የእሱ ቡድን የመራው ቻናል ኤፍ ወጣ። ከዚያ በፊት የቤት ጌም ማለት በአብዛኛው አብሮት የመጣውን ብቻ የሚጫወት ዕቃ ነበር። በቻናል ኤፍ ግን ጌሙ በካርትሪጅ፣ እንደ ካሴት እየተነቀለ እየተሰካ ይቀያየራል። ላውሰን ያረፈው በ2011 ነው።

ማሙሽ ይህን ሲናገር ፊቱን አየሁት። እሱ የሚኖርበት ሸለቆ፣ እሱን የሚመስል ሰው ነው። ከአፉ የሚወጣው ሁሉ የራሱን ዘመድ ታሪክ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ምራቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «ሴት የለችበትም ማለት ነው?» አለች። አለችበት። ዶና ቤይሊ ከአርካንሶ የመጣች፣ መጀመሪያ ለመኪና ኮምፒዩተር ፕሮግራም ትጽፍ የነበረች ሴት ናት። አታሪ የሳንቲም ጌም በሚሠራበት ክፍል ስትቀጠር ከፕሮግራመሮቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ከኤድ ሎግ ጋር በ1981 የወጣውን ሴንቲፒድ ሠራች፤ ብዙ እግር ያለው ተባይ በእንጉዳይ መሐል እየተጥመለመለ የሚወርድበት ነው። ጦርነትና ግድያ ብቻ አይሁን፣ ቀለሙም ደስ የሚል ይሁን ያለችው እሷ ናት። ጌሙንም ሴቶች ወደዱት። ከዓመት በፊት ጃፓን ውስጥ ቶሩ ኢዋታኒ ፓክ ማንን ሲሠራም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሴቶችም ወደ ጌም ቤት እንዲገቡ። ቤይሊ ግን ብዙም ሳትቆይ በ1982 አታሪን ለቀቀች፤ ከዓመታት በኋላ በትውልድ አገሯ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነች። ማሽኖቹ በየከተማው ተበትነው ነበር፤ ሳንቲም የከተተው ሕዝብ ግን የሠሪዎቹን ስም አያውቅም ነበር።

የጠጋኝም ዕጣ ያው ነው። የተጠገነ ሬዲዮ ላይ የማንም ስም አይጻፍም።

ከሙዚየሙ ወጥተን ደጁ ላይ ተቀመጥን። ማሙሽና እናቱ ውኃ ሊገዙ ሄዱ። ልጄ ወደ መኪናዎቹ እያየ፣ ሳያስጠነቅቀኝ፣ «አባዬ፣ ያቺን ካቻቢቴ አልሸጥኳትም» አለኝ።

የቷን ካቻቢቴ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ጌም ቤቱ ውስጥ ጆይስቲክ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ነበር። ልጆች ሲናደዱ መሬት ላይ ይወረውሩታል። ከአንተ ዘንድ ስውል ሽቦ ሲበየድ አይቻለሁ። አንድ ቀን ከፍቼ የተበጠሰውን አስተካከልኩለት። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ አንድ በሠራሁለት ቁጥር ሁለት ጨዋታ በነፃ ይሰጠኝ ነበር። የዚያን ቀን የሚፈታ ጠባብ ብሎን ነበረኝና ካቻቢቴህን ወሰድኩ። ማታ ልመልሳት ነበር። ስትጎትተኝ እዚያው ቀረች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መቼ ጠየቅኸኝ አባዬ? ሸጥካት አልከኝ እንጂ።»

በቁጣ አልተናገረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ልጄ ዛሬ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ሙያውን ከየት አመጣው ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ «አሜሪካ ተምሮ» እል ነበር። ለካ የመጀመሪያ ደንበኛውን ያገኘው በአሥራ ሦስት ዓመቱ፣ እኔ የማባረሪያ ምክንያት በፈለግኩበት ቤት ውስጥ ኖሯል። ልጄ የእኔን ሙያ ወርሶ ሲሠራ አግኝቼ፣ ሌባ ብዬ ቀጥቼዋለሁ።

አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘመን አልተለመደም። አፌ ቢተሳሰርም «ይቅር በለኝ ልጄ» አልኩት። ጉልበቴን ነካና «ኧረ ተው አባዬ» አለ። ማሙሽ ውኃውን ይዞ ሲመጣ ሁለታችንም ዓይናችንን እንጠርግ ነበር፤ ፀሐዩ ነው አልነው።

የዚያን ማታ ማሙሽ አንድ ቁልፉ አልሠራ ያለ አሮጌ ጆይስቲክ ይዞልኝ መጣ። «አባባ፣ መሥራት ትችላለህ?» አለ። የምግቡን ጠረጴዛ አጽድተን፣ መብራት አስጠግተን ሦስታችንም ተቀመጥን። ብሎኑን የፈታው ማሙሽ ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አባቱ ያዘልኝ። ውስጡ የገባው የብስኩት ፍርፋሪ ነበር። ጠርገን ስንገጥመው ሠራ። ማሙሽ ዘልሎ አቀፈኝ፤ ከዚያም አንድ ጨዋታ ካልተጫወትክ ብሎ ግድ አለኝ። አምስት ለዜሮ ተሸነፍኩ።

ወላጆችና አያቶች፣ ጌም ልጅን አያጠፋም ልላችሁ አይደለም። ለሰዓቱ ልክ ይበጅለት፤ ትምህርቱን ይቅደም። እኔም እስከምመለስ ድረስ «በቃህ» ማለቴን አልተውኩም። ነገር ግን ልጁን ከመጎተታችን በፊት አጠገቡ ብንቀመጥና «ይኼን ማን ሠራው? ውስጡ ምን አለ? አንተስ ምን ታደርግበታለህ?» ብለን ብንጠይቀው ምን ይጎድልብናል? እኔ ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሃያ አምስት ዓመት ቆየሁ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ሱቄን ከፍቼ ጠረጴዛውን አራገፍኩት። አንዲት ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ መረጥኩ፤ እጀታዋ ቀይ አይደለም፣ ቢጫ ነው። አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ለማሙሽ እልካታለሁ።